የአባት ሌንስ በልጅ ካሜራ

የቤተሰብ ዓምድ

አንድ የሠራዊት አባል ከአንዱ ግዳጅ ወደ ሌላው ሲዛወር ከሳጥኑ የማይጎድል አንድ ነገር አለ። ከደንብ ልብሱ እጥፋት መካከል ወይም በኪስ ቦርሳው ውስጥ በላስቲክ ተጠቅልሎ የባለቤቱና የልጆቹ ፎቶግራፍ ይገኛል። በቤት በኩልም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ገና አፉን በቅጡ ያልፈታ ሕፃን «አባባ የታለ?» ሲባል ጣቱን የሚቀስረው ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ወደ ተሰቀለው ፎቶግራፍ ነው። ስለሆነም ፎቶግራፍ በሠራዊቱ ቤተሰብ ዘንድ ከቤት ጌጥነት ያለፈ አገልግሎት እንዳለው ለማንም የተሰወረ አይደለም።

ይሁን እንጂ ፎቶግራፍ እንደ ዛሬ በዝቶ፣ እንደ ዛሬም በቀላሉ ጠፍቶ አያውቅም። በእጅ ስልክ በቀን በአሥር የሚቆጠር ምስል ይነሣል፤ ስልኩ ሲሰበር ወይም ሲሰረቅ ግን የአንድ ሕፃን የሁለትና የሦስት ዓመት ዕድገት አብሮ ይሄዳል። አያቶቻችን በዕድሜያቸው አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ፎቶ ቤት ሄደው የተነሡት ግን በብዙ ቤቶች እስከ ዛሬ አለ። ልዩነቱ ከጥንቃቄ የመጣ ነው ብለን እናምናለን። ያን ጊዜ አንድ ፎቶግራፍ ለማንሣት ይታሰብ ነበር፤ ከተነሣም በኋላ ይጠበቅ ነበር።

በዚህ ጽሑፋችን ያን የቀድሞ ጥንቃቄ በዛሬው መሣሪያ እንዴት መልሶ ማግኘት እንደሚቻል እንመለከታለን። ይኸውም አሮጌ ሌንስን በአዲሱ መስታወት አልባ ካሜራ ላይ ገጥሞ ማንሣት፣ ከዚያም ጥሬውን ምስል በኮምፒውተር ማዘጋጀት ነው። ለምሳሌነት የመረጥነው በጎረቤታችን በኬንያ ዋና ከተማ በናይሮቢ፣ ኪሌሌሽዋ በሚባለው ሰፈር የሚኖር አንድ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ነው።

በኪሌሌሽዋ አንድ ቤት

ኪሌሌሽዋ ከናይሮቢ መሀል ከተማ በስተምዕራብ፣ በኪሊማኒ፣ በላቪንግተንና በዌስትላንድስ መካከል የሚገኝ ሰፈር ነው። ቀድሞ ሰፋፊ ግቢ ያላቸው ቪላ ቤቶች ይበዙበት ነበር፤ ባለፉት ሃያ ዓመታት ገደማ ግን የብዙዎቹ ግቢዎች ቦታ በፎቅ አፓርታማዎች ተይዟል። ዛፎቹ ግን ጨርሰው አልተነኩም። በአቅራቢያው እ.ኤ.አ. በ1907 የተቋቋመውና 30 ሄክታር ያህል ስፋት ያለው የናይሮቢ አርቦሬተም፣ ማለት የዛፎች መናፈሻ፣ ይገኛል። ጃካራንዳ በሚያብብበት ወራት መንገዱ ሐምራዊ ይሆናል። በናይሮቢ የሚኖሩ ወገኖቻችን ብዙዎቹ በኢስሊ የሚገኙ ሲሆን፣ በኪሊማኒና በኪሌሌሽዋ የሰፈሩም አሉ።

ለአጭር ሥልጠና ናይሮቢ በቆየንባቸው ሳምንታት በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በዚህ ሰፈር ቡና ተጠራን። የጋበዙን እናት ባለቤታቸው የቀድሞው ሠራዊት መቶ አለቃ የነበሩ ሲሆን፣ ቤተሰቡ በ1983 ዓ.ም. በሞያሌ በኩል ድንበር ከተሻገሩት ብዙ ወገኖች መካከል አንዱ ነው። መቶ አለቃው በሕይወት የሉም። ቡናው እስኪፈላ ድረስ አልበም ቀረበልን።

በአልበሙ ውስጥ ሁሉም አሉ። ሙሽራዋ በነጭ ቀሚስ፣ የበኩር ልጅ በገንዳ ውስጥ ሲታጠብ፣ ጎረቤቶች በጥምቀት ዕለት፣ የሥራ ባልደረቦች በሰፈር ሜዳ ኳስ ሲጫወቱ ይታያሉ። መቶ አለቃው ግን የሉም። ምክንያቱን ስንጠይቅ እናትየዋ ሳቅ ብለው፣ «ልጆቼ፣ መቶ አለቃ ሁላችንንም አነሡን፤ እሳቸውን ማን ያንሣቸው? ካሜራውን ለሰው አይሰጡም ነበር» አሉን። ከዚያም አንድ ፎቶግራፍ አወጡ። ሁለት ሕፃናት በግቢ ውስጥ ቆመዋል፤ ፀሐይዋ ካንሺው ጀርባ ስለነበረች መሬቱ ላይ፣ በልጆቹ እግር ሥር፣ ክንዶቹን ወደ ዓይኑ ያነሣ የአንድ ሰው ጥላ ተዘርግቷል። «እኚህ ናቸው» አሉን።

መቶ አለቃው ለትምህርት ወደ ሶቪዬት ኅብረት በሄዱበት ጊዜ የገዙት ካሜራ ዜኒት-ኢ የሚባለው ነበር። ይህ ካሜራ ከሞስኮ አጠገብ በምትገኘው ክራስኖጎርስክ በሚገኝ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ በሚሊዮን የሚቆጠር የተመረተ፣ ከባድና ጠንካራ መሣሪያ ነው። የካሜራው መጋረጃ በናይሮቢ ተቀድዶ የሚጠግነው ባለመገኘቱ አካሉ ተጣለ። ሌንሱ፣ ማለት ሄሊዮስ-44 የሚባለው ባለ 58 ሚሊ ሜትሩ፣ በሻይ ቅጠል ቆርቆሮ ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልሎ ቀረ። ሃያ ዓመት የሚሆን ጊዜ ቆርቆሮው ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጦ ነበር።

ቆርቆሮውን የከፈተችው ሴት ልጃቸው ናት። ያገለገለ መስታወት አልባ ካሜራ ከገዛች በኋላ አንድ ቀለበት መሰል ማገናኛ አስመጥታ የአባቷን ሌንስ ገጠመችበት። በመጀመሪያ ያነሣችው እናቷን ነው፤ በመስኮት አጠገብ፣ ነጠላ ለብሰው፣ ፊታቸውን ወደ ብርሃኑ አዙረው። የሙሽርነቷን ፎቶግራፍና ይህን አዲሱን ጎን ለጎን አድርጋ አሳየችን። በሁለቱ መካከል ከአርባ ዓመት በላይ አለ። እናትየዋን በሁለቱም ጊዜ ያየው ግን ያው አንዱ ሌንስ ነው።

አሮጌው ለአዲሱ የተስማማበት ምክንያት

የዛሬ አርባና ሃምሳ ዓመት የተሠራ ሌንስ ዛሬ በተሠራ ካሜራ ላይ እንዴት ሊያገለግል ይችላል? መልሱ በአንዲት አጭር ርቀት ላይ ያረፈ ነው።

በቀድሞው ካሜራ ውስጥ፣ በሌንሱና በፊልሙ መካከል፣ በ45 ዲግሪ ያጋደለ መስታወት ይገኛል። መስታወቱ ብርሃኑን ወደ መመልከቻው ይልካል፤ ቁልፉ ሲጫን ደግሞ ብድግ ብሎ ብርሃኑን ለፊልሙ ይለቃል። ለዚህ መስታወት መንቀሳቀሻ እንዲሆን ሌንሱ ከፊልሙ ርቆ መቀመጥ ነበረበት። ሄሊዮስ የሚታሰርበት፣ ኤም 42 የሚባለው ባለ ጥርስ ማሰሪያ ርቀቱ 45.46 ሚሊ ሜትር ነው። የካኖን ኤፍ ዲ 42፣ የኒኮን ኤፍ ደግሞ 46.5 ሚሊ ሜትር ነው።

በአዲሱ ካሜራ ውስጥ ግን መስታወቱ የለም። ሴንሰር የሚባለው ብርሃን ተቀባይ ያየውን በቀጥታ ወደ ትንሿ ስክሪን ይልካል። ስለዚህም ርቀቱ አጥሯል፤ በሶኒ ኢ 18፣ በፉጂፊልም ኤክስ 17.7፣ በኒኮን ዚ 16፣ በካኖን አር ኤፍ 20 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የአሮጌው ሌንስ ርቀት ሁልጊዜ ስለሚበልጥ በመካከል ክፍት ቦታ ይቀራል፤ ይህንንም ቦታ የብረት ቀለበት ይሞላዋል። ሄሊዮስን በሶኒ ላይ ለመግጠም ቀለበቱ 27.46 ሚሊ ሜትር መወፈር አለበት ማለት ነው። ቀለበቱ ውስጡ ባዶ ስለሆነ የሌንሱን ጠባይ አይለውጥም፤ ዋጋውም ከአዲስ ሌንስ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ዝቅተኛ ነው።

ይህ ነገር በባለ መስታወቱ ዲጂታል ካሜራ ዘመን እንዲህ ቀላል አልነበረም። ለምሳሌ የኒኮን ባለ መስታወት ካሜራ ለራሱ 46.5 ሚሊ ሜትር ስለሚወስድ፣ ባለ 45.46ቱ ሌንስ ያለ ተጨማሪ ሌንስ ሲታሰርበት ቅርብ ያለውን እንጂ ሩቁን ማጥራት አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2008 ፓናሶኒክ ጂ 1 የተባለውን የመጀመሪያውን የዚህ ዓይነት መስታወት አልባ ካሜራ ሲያወጣ፣ በ2010 ሶኒ ሲከተል፣ በ2013 ደግሞ የሶኒ ኤ 7 እንደ ቀድሞው ፊልም 36 በ24 ሚሊ ሜትር የሆነ ሴንሰር ይዞ ሲመጣ፣ በየቁም ሣጥኑ የተረሱ ሌንሶች እንደ ገና ሥራ አገኙ። ሴንሰሩ አነስ ያለ ካሜራም ቢሆን አይናቅም፤ በብዙዎቹ ላይ 58 ሚሊ ሜትሩ እንደ 87 ሚሊ ሜትር ስለሚሠራ ለፊት ፎቶግራፍ ይበልጥ ይመቻል።

ሌንሱን መመርመርና መግጠም

ማንኛውም መሣሪያ ከመያዙ በፊት እንደሚፈተሽ ሁሉ አሮጌ ሌንስም ይፈተሻል። በአንድ በኩል የእጅ ባትሪ አብርቶ በሌላው በኩል መመልከት ይበቃል። እንደ ሸረሪት ድር የተንዛዛ ነገር ከታየ ሻጋታ ነው። እንዲህ ያለው ሌንስ ከሌሎቹ ተለይቶ ይቀመጥ። የብርሃኑን ቀዳዳ የሚያጠብቡት ቅጠሎች ዘይት ካላቸው ወይም ሲዞሩ የሚጣበቁ ከሆነ የባለሙያ እጅ ይሻሉ። በፊቱ ላይ ያሉ ጥቃቅን ጭረቶች ግን ምስሉን እምብዛም አይጎዱምና በነርሱ የተነሣ መጣል አይገባም። አቧራው በመጀመሪያ በለስላሳ ብሩሽ ይራገፋል፤ ቀጥሎ ለመነጽር በተዘጋጀ ጨርቅ ይታበሳል። በደንብ ልብስ እጅጌ ማበስ ግን ጠመንጃን በአሸዋ ከመወልወል አይለይም። ማስቀመጫው ደረቅ ይሁን።

ሌንሱ ከካሜራው ጋር በኤሌክትሪክ ስለማይነጋገር ካሜራው ሌንስ መታሰሩን አያውቅም። ስለዚህ በካሜራው ማስተካከያ ዝርዝር ውስጥ ያለ ሌንስ ማንሣትን የሚፈቅደው መስመር ይከፈታል። ካሜራው የእጅ መንቀጥቀጥን የሚያረጋጋ ከሆነ 58 የሚለው ቁጥር በእጅ ይገባለታል። የብርሃኑ ቀዳዳ በሌንሱ ቀለበት በእጅ ይወሰናል፤ የሻተሩን ፍጥነት ካሜራው ራሱ እንዲመርጥ መተው ይቻላል። ለተቀመጠ ሰው ከ1/125 ሰከንድ፣ ለሚሯሯጥ ሕፃን ደግሞ ከ1/250 ሰከንድ እንዳያንስ መጠበቅ ግን ያስፈልጋል።

የሚቀረው ዋናው ነገር ማጥራት፣ ማለት ፎከስ ነው። ይህ ሥራ ከዛሬው ካሜራ ተወስዶ ለሰው እጅ የተመለሰ ሥራ ነው። በሠራዊቱ ውስጥ ያለፈ ሁሉ ርቀትን በዓይን መገመት ተምሯል፤ በሌንሱ ላይም ርቀቱ በሜትር ተጽፎ ይገኛል። አዲሱ ካሜራ ደግሞ ሁለት እርዳታ ይጨምራል። አንደኛው የጠራውን የምስል ጠርዝ በቀለም ማመልከት ሲሆን፣ ሁለተኛው የፊትን አንድ ክፍል በስክሪኑ ላይ አጉልቶ ማሳየት ነው። ቅርብ ያለው ዓይን እስኪጠራ ቀለበቱ ቀስ ብሎ ይዞራል።

በዚህ ረገድ ጥቂት ቁጥሮችን ማወቅ ይጠቅማል። ሄሊዮስ በ2 ቁጥር ላይ ሙሉ በሙሉ ሲከፈትና ሰውየው 1 ሜትር ላይ ሲሆን፣ በሙሉ መጠን ሴንሰር ጠርቶ የሚታየው ጥልቀት 3 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ብቻ ነው። ዓይን ሲጠራ ጆሮ ይደበዝዛል ማለት ነው። በ5.6 ላይ ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል። አባት፣ እናትና ልጆች 3 ሜትር ርቀው አብረው ሲቆሙ ቀለበቱን 8 ላይ ማድረግ 1 ሜትር ከሩብ ያህል ጥልቀት ስለሚሰጥ ከፊት የተቀመጠውም ከኋላ የቆመውም ይጠራሉ።

አነሣሡ ዝግ ያለ መሆኑ እንደ ጉድለት ሊቆጠር አይገባም። በኪሌሌሽዋ ያገኘናት ልጅ፣ «ቀለበቱን ሳዞር እናቴን ለረጅም ጊዜ አያታለሁ፤ በስልክ ሳነሣት ግን አላያትም ነበር» ብላናለች።

ነጭ ነጠላና ጠይም ፊት

በአገራችን ቤተሰብ ፎቶግራፍ ላይ ከሁሉ የሚያስቸግረው ነገር ነጭ የሐበሻ ልብስና ጠይም ፊት በአንድ ምስል ውስጥ መገናኘታቸው ነው። ካሜራው ለፊቱ ሲያስተካክል ጥበቡ ይነጣና ጥለቱ ይጠፋል፤ ለነጠላው ሲያስተካክል ደግሞ ፊቱ ይጨልማል። በዓል ላይ የተነሡ ብዙ ፎቶግራፎች የተበላሹት በዚሁ ምክንያት ነው።

ከዚህ ጋር የተያያዘ ታሪክም አለ። ቀለም ፊልም በተስፋፋበት ዘመን የአሜሪካው ኮዳክ ኩባንያ ለፎቶ ማጠቢያዎች የሚልከው፣ «ሸርሊ» በሚል ስም የታወቀው የቀለም መለኪያ ካርድ የነጭ ሴት ፎቶግራፍ ያለበት ነበር። ማሽኑ ለእርሷ ገጽ ሲስተካከል የጠይምና የጥቁር ሰው ገጽ ዝርዝሩን አጥቶ ይታተም ነበር። ካርዱ የተለያየ መልክ ያላቸውን ሰዎች ማካተት የጀመረው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ዛሬ ሚዛኑን የሚይዘው አንሺው ራሱ ስለሆነ ይህ በደል በቤታችን የሚቀጥልበት ምክንያት የለም።

የመጀመሪያው መፍትሔ ሰዓትን መምረጥ ነው። ናይሮቢ ለምድር ወገብ በጣም ቅርብ በመሆኗ ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ወጥታ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ትጠልቃለች። ኬንያውያንም በስዋሂሊ ሲናገሩ ሰዓትን እንደኛው ከንጋት ጀምረው ይቆጥራሉ። በዚያም ሆነ በኛ አገር ቀትር ላይ ፀሐይ ከአናት ስለምትወርድ ዓይን ሥር ጥቁር ጥላ ትጥላለች። ስለዚህ እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ድረስ፣ ከሰዓት በኋላም ከ10 ሰዓት ወዲህ ማንሣት ይመረጣል። ሰዓቱ ካልተመቸ በበረንዳ ጥላ ሥር ወይም ፀሐይ በቀጥታ በማትገባበት መስኮት አጠገብ መቀመጥ ይበጃል። አሮጌ ሌንስ ብርሃን በፊት ለፊት ሲመታው ምስሉን ጭጋግ ስለሚያለብሰው ከላይ በእጅ መዳፍ ወይም በባርኔጣ ጥላ ማድረግ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው መፍትሔ ለነጩ መጠንቀቅ ነው። በዲጂታል ካሜራ ከመጠን በላይ የነጣ ነገር ዝርዝሩ ጨርሶ ይጠፋል፤ የጨለመው ግን በአብዛኛው ሊነሣ ይችላል። ስለዚህ ሂስቶግራም የሚባለውን የብርሃን መለኪያ እየተመለከቱ፣ ነጠላው ጫፉ ላይ እስከማይቃጠል ድረስ ብርሃኑን ጥቂት ቀነስ አድርጎ ማንሣት ነው። ፊቱ በስክሪኑ ላይ ጠቆር ብሎ ቢታይ አያስደነግጥም፤ ቀጥሎ ያለው ሥራ ለዚሁ ነው።

ጥሬውን ማዘጋጀት

ካሜራው ምስልን በሁለት መልክ ሊያስቀምጥ ይችላል። አንደኛው ጄፔግ የሚባለውና ካሜራው ራሱ ሠርቶ የጨረሰው ነው። ሁለተኛው ሮው፣ ማለት ጥሬው ነው። ልዩነቱን ለመረዳት ቡናን ማሰብ ይበቃል። ጥሬ ቡና እንደ ወደዱት ይቆላል፤ አንዴ ያረረውን ግን ወደ ጥሬነቱ የሚመልሰው የለም። በቁጥር ሲታይ ጄፔግ ለእያንዳንዱ ቀለም 256 የብርሃን ደረጃ ሲይዝ፣ ባለ 14 ቢት ጥሬ ምስል 16,384 ደረጃ ይይዛል። በጠይም ፊት ጥላ ውስጥ የተሸሸገው ዝርዝር የሚገኘው በዚህ ትርፍ ውስጥ ነው። በርግጥ ቦታ ይወስዳል፤ የባለ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ አንድ ጥሬ ምስል እንደ ካሜራው ዓይነት ከ25 እስከ 50 ሜጋባይት ሊደርስ ይችላል።

ጥሬውን ለማዘጋጀት በገንዘብ የሚገዛው ላይትሩም በሰፊው የታወቀ ነው። ነገር ግን ዳርክቴብልና ሮውቴራፒ የሚባሉት ሶፍትዌሮች በነፃ የሚገኙና ለቤተሰብ ሥራ ከበቂ በላይ የሆኑ ናቸው። ሁሉም የሚሠሩት በአንድ ደንብ ነው፤ የተደረገው ለውጥ ለብቻው ይመዘገባል እንጂ ዋናው ምስል አይነካም። እንደ ኔጋቲቭ ሁልጊዜ ወደ እርሱ መመለስ ይቻላል።

የሥራው ቅደም ተከተል ረጅም አይደለም። በመጀመሪያ የቀለሙ ሚዛን ይስተካከላል፤ በጥላ ውስጥ ነጭ ልብስ ሰማያዊ መስሎ ስለሚታይ ነጠላውን መነሻ አድርጎ ማስተካከልና ከዚያ ፊቱ ሙቀት እንዲያገኝ በጥቂቱ ማሞቅ ነው። ቀጥሎ ጥላው ቀስ ተብሎ ይነሣል፤ ፊቱ ሲገለጥ ነጠላው በነበረበት ይቆያል። አሮጌ ሌንስ ምስሉን ስለሚያደበዝዝ ጥቁሩን ትንሽ ማጠንከር ተገቢ ነው። ለአዲስ ሌንስ ሶፍትዌሩ ራሱ የሚያደርጋቸው እርማቶች፣ ለምሳሌ የማዕዘን መጨለምንና በጠርዝ ላይ የሚታይ ሐምራዊ ቀለምን ማጥፋት፣ እዚህ በእጅ ይሠራሉ። ሄሊዮስ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ከበስተጀርባ ያሉ ቅጠሎችን እንደ አዙሪት የሚያዞር ጠባይ አለው፤ ይህ የሌንሱ መታወቂያ ስለሆነ ባይነካ ይመረጣል።

አንድ ነገር አጥብቀን እናሳስባለን። ፊትን ማንጣትና የዕድሜን መስመር መደምሰስ በሶፍትዌር እጅግ ቀላል ሆኗል። ነገር ግን ልጅ የሚፈልገው የእናቱን ፊት ነው። ጠይምነቷም፣ በግንባሯ ላይ ያለው መስመርም የእርሷ ነው።

ያልጠፋ ሥራ

ናይሮቢ ለፎቶግራፍ እንግዳ ከተማ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1943 በዚችው ከተማ የተወለደው መሐመድ አሚን በጥቅምት ወር 1977 ዓ.ም. ኮረም ላይ ያነሣው ፊልም፣ በቢቢሲው ጋዜጠኛ በማይክል በርክ ዘገባ አማካይነት የወገኖቻችንን ረሃብ ለዓለም አሳወቀ። መሐመድ አሚን በ1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ ግራ ክንዱን አጣ፤ ሰው ሠራሽ ክንድ አስገጥሞም ወደ ሥራው ተመለሰ። በኅዳር ወር 1989 ዓ.ም. የተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን በኮሞሮስ ደሴቶች አጠገብ ባሕር ላይ በወደቀ ጊዜ ከሞቱት መንገደኞች አንዱ እርሱ ነበር። ሰውየው ካለፈ ብዙ ዓመታት ሆነውታል፤ ያነሣቸው ፎቶግራፎችና ፊልሞች ግን ተሰብስበው ስለተጠበቁ ዛሬም ይታያሉ።

የአንድ ቤተሰብ ፎቶግራፍ የዓለምን መንግሥታት አያንቀሳቅስም። አጠባበቁ ግን ያው ነው። ጥሬው ምስል በአንድ ቦታ ብቻ አይቀመጥ፤ አንዱ በኮምፒውተር፣ ሁለተኛው በተለየ ሃርድ ዲስክ፣ የሚቻል ከሆነ ሦስተኛው በዘመድ ቤት ይኑር። በየዓመቱ ተከፍቶ ደኅንነቱ ይታይ። ከሁሉም በላይ የተመረጡት ይታጠቡ፤ ወረቀት ላይ የወጣ ፎቶግራፍ የይለፍ ቃልም ባትሪም አይጠይቅም። በጀርባው ላይ ስም፣ ቦታና ቀን በእርሳስ ይጻፍ። በብዙ ቤቶች አሮጌ ፎቶግራፍ ይዘው «ይህ ማነው?» የሚሉ ልጆች አሉ፤ የሚመልሱላቸው ሰዎች ግን አልፈዋል።

ለሠራዊቱ አባላት የምናክለው ማሳሰቢያም አለ። ካሜራ በወታደራዊ ቅጥር ግቢ፣ በጥበቃ ቦታ፣ በመሣሪያና በተሽከርካሪ አካባቢ ያለ ፈቃድ አይወጣም። በስልክ የተነሣ ወይም ወደ ስልክ የተላለፈ ምስል የተነሣበትን ቦታ በውስጡ ይዞ ሊሄድ እንደሚችልም መዘንጋት የለበትም። የቤተሰብ ፎቶግራፍ የሚነሣው በቤት ነው፤ ከጀርባም ግድግዳ ወይም ዛፍ ይበቃል።

ውድ እኅቶቻችን፣ ይህ ዓምድ በተለይ የተጻፈው ለእናንተ ነው። በየቤታችሁ ከአባት ወይም ከአጎት የቀረ አሮጌ ካሜራ ካለ፣ አካሉ ባይሠራም ሌንሱ ደኅና ሊሆን ስለሚችል ከመጣላችሁ በፊት በባትሪ ብርሃን ተመልከቱት። የማንሣቱንም ሥራ ለወንድ ብቻ አትተዉ። ባለቤታችሁ ለእረፍት ሲመጣ ካሜራውን ይዞ ልጆቹን ሲያነሣ ይውላል፤ እረፍቱም በዚያው ያልቃል። ተቀበሉት፤ እርሱን ከልጆቹ ጋር በበረንዳው ጥላ ሥር አስቀምጡት፤ ቀለበቱን 5.6 ላይ አድርጋችሁ ዓይኑ እስኪጠራ አዙሩ። ሥራው አሥር ደቂቃ ቢፈጅ ነው። በሚመለስበት ቀን አንዱ ቅጂ በሳጥኑ ይግባ፤ ሌላው ግድግዳው ላይ ይሰቀል።